ወደ ገርጂ የተሸኘችው ታንኳ

የአቶ ገብረሃንስን ልጅ ማግባት የፈለገ ሰው ከአባትየው ጋር አንድ ቀን ሙሉ ታንኳ ላይ ተቀምጦ መዋል ነበረበት። ቀልድ አይደለም። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ሞክረው ወድቀዋል። የመጀመሪያው አስተማሪ ነበር፤ ዝዋይ ላይ ገና ከዳር ፈቀቅ ሳይሉ ወሬ ጀምሮ እስኪመለሱ አላባራም። ሁለተኛው የባንክ ቤት ሰው ነበር፤ ለሁለት የተያዘውን ዳቦ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ብቻውን ጨረሰው። ሁለቱም በዚያው ቀሩ። "በየብስ ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው" ይላሉ አቶ ገብረሃንስ፤ "አመሉ የሚታወቀው ውሃ ላይ ነው።"

ታንኳዋን ያገኟት ከአንድ ካናዳዊ ነው። ሰውየው የዓሣ ባለሙያ ነበር፤ አቶ ገብረሃንስ የእሱ ሾፌር ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ከሐይቅ ሐይቅ ሲዞሩ ኖረዋል። በስድሳ ሰባት ዓ.ም. አገሩ ሲገባ ታንኳዋን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቦሌ፣ ከቤታቸው ጣሪያ ሥር በገመድ ተንጠልጥላ፣ አረንጓዴ ሆዷን ለአላፊ አግዳሚው እያሳየች ትኖራለች።

እኔ መኩሪያ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የኛ አገር ወንዝ በክረምት ሰው ይወስዳል፣ በበጋ ራሱ ይጠፋል፤ ወዳጅነት የሚመሠረትበት ጊዜ የለውም። ሥራዬ ድልድይ መንደፍ ነው። ሰው እግሩ ውሃ ሳይነካ እንዲሻገር ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ። ዋና አልችልም፤ የዓሣ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። አቶ ገብረሃንስ ሳሎናቸው አስቀምጠው ታንኳ ታውቃለህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ግን ከአፌ የወጣው "ከልጅነቴ ጀምሮ" የሚል ነበር። ልጃቸው ሉሊት ጣሪያውን ስታይ ትዝ ይለኛል።

መዋሸቴ ደግሞ ያለምክንያት አልነበረም። ጊዜው ሰባ አምስት ዓ.ም. ነው። ሉሊት ነርስ ናት፤ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ለሁለት ዓመት አሰብ ተመድባለች። እስከ ሰኔ መግቢያ ባል ያላት መሆኑን ወይም ልታገባ ሽማግሌ ተልኮ የተፈቀደላት መሆኑን ካስመዘገበች ግን እዚሁ አዲስ አበባ ትቀራለች። እሷ ነገር አታበዛም። "መኩሪያ፣ የአሰብ ሙቀት አርባ ዲግሪ ነው" አለችኝ። "ወይ ታንኳው ላይ ውጣ፣ ወይ ማራገቢያ ግዛልኝ።"

የመጀመሪያው ዕቅድ የአቶ ገብረሃንስ ነበር። በግንቦት መጨረሻ ታንኳዋን መኪና ላይ ጭነን ግቤ በረሃ መውረድ፣ አራት ቀን ወንዙን ተከትለን መቅዘፍ፣ ዓሣ እያጠመድን ዳር ላይ ማደር። ጉማሬ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አለ፣ ግን ከአዞው ጋር ስለማይስማማ ለሰው ጊዜ የለውም አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

በዚያ ዘመን ደግሞ ታንኳ ተሸክሞ ለአራት ቀን ከከተማ መውጣት ያለ ቀበሌ ወረቀት የሚታሰብ አይደለም፤ ኬላው ላይ ትመለሳለህ። ማመልከቻውን ልጽፍ ስቀመጥ የቢሮ ባልደረባዬ ላጲሶ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ አነበበና ለመዝናናት የሚለውን ቃል እንዳየ እጄን ያዘኝ። ለመዝናናት ብለህ ጻፍና ንዑስ ከበርቴ ተብለህ አርፈህ ቁጭ በል አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ "የአገራችንን የዓሣ ሀብት በማጥናት ለምርት ዕድገት አስተዋጽኦ ለማድረግ" ብዬ በካርቦን ሦስት ኮፒ አወጣሁ። ያን ዓረፍተ ነገር የሚያነበው ሰው ይኖራል ብዬ በፍጹም አልጠረጠርኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ይጽፉታል እንጂ አያነቡትም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቢተው ግን አነበበው። ጓድ ቢተው ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሊቀመንበር ከሆነም በኋላ ሜትሩን ከአንገቱ አላወረደም። ክፉ ሰው አይደለም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልተሞላ ቅጽ። በዚያ ሰሞን ከበላይ አካል የምርት ዘመቻ ቅጽ ደርሶት ነበር። እህል በሚለው ረድፍ የአንድ ግቢ በቆሎ፣ አትክልት በሚለው አሥራ ስድስት ራስ ጥቅል ጎመን፣ ወተት በሚለው የወይዘሮ ፈለቀችን ላም አስገብቷል። ዓሣ የሚለው ረድፍ ላይ ሰረዝ አድርጎ ሰረዙን ሲያይ ይውላል። የእኔ ማመልከቻ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ጠርቶኝ ሁለት እጄን ያዘና "ጓድ መኩሪያ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለኝ። ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር። የፈቃድ ወረቀቱን ግን አልሰጠኝም፤ ለእሑድ ስብሰባ አቀረበው።

የቀበሌ ስብሰባ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስኳሩን ከራሽን ሱቅ ሲወስድ ፊት ይነሣል። የመጣም ሰው ዝም ብሎ አይወጣም፤ ዝምታ ሊተረጎም ይችላልና ሁሉም ማሻሻያ ያቀርባል። በዕቅዴ ላይ የቀረበው የመጀመሪያ ማሻሻያ ሁለት ሰው ብቻውን መሄዱ ግለኝነት ነው የሚል ነበር፤ አሥራ ሁለት ሆነን እንድንሄድ ተወሰነ። ታንኳዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው ብዬ ብናገር ተራ በተራ ይባላል አሉኝ። ቀጥሎ አራት ቀን ከቆዩ የሚመጣውን እሑድ ስብሰባ ማን ይሰበሰባል የሚል ተነሣና ጉዞው አንድ ቀን ሆነ። በአንድ ቀን ደግሞ ግቤ አይደረስም፤ ላንጋኖ ይሁን ተባለ። ላንጋኖ የሚሄደው ሊዋኝ የሚሄድ ነው፣ አቋማችንን ያስገምታል ተባለ፤ ዝዋይ ሆነ። ለዝዋይ የሚሆን የቤንዚን ኩፖን የለም፤ አባ ሳሙኤል ሆነ። አባ ሳሙኤል ያለው በሌላ ቀበሌ ክልል ስለሆነ በደብዳቤ መጠየቅ አለበት፤ ደብዳቤው እስኪመለስ ክረምት ይገባል። እኔ በየማሻሻያው ልቤ በደስታ እየዘለለ፣ ጉማሬውም አዞውም አንድ በአንድ ሲሰናበቱኝ እያየሁ፣ ፊቴን አጨልሜ ተቀምጫለሁ።

በመጨረሻ ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ ገርጂ ያለውን የድንጋይ ካባ አስታወሰን። ለቦሌ ቤቶች ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ ነው፤ ያምናው የክረምት ውሃ እስካሁን አልደረቀም። ጥልቅ ለመሆኑም ማስረጃ አለ፤ የሰውየው ፍየል ገብታ አልወጣችም። በጭብጨባ ጸደቀ። እኔ እጄን አውጥቼ ዓሣ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ሲጠና ነው" አለ ጓድ ቢተው አዝኖብኝ። "ጥናት ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ።"

ከዚያ የምርት ግቡ ሃያ ኪሎ ይሁን ተባለ። አንዱ በእጥፍ ይሻሻል አለ፤ አርባ ኪሎ ሆነ።

አሁን የቀረኝ ለአቶ ገብረሃንስ መንገር ነው። ወንድ ልጅ ለአማቱ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ሲሄድ እግሩ ይከብደዋል። ታንኳዋን ከጣሪያው አውርደው በጨርቅ ሲወለውሏት አገኘኋቸው። ግቤ ብዬ ጀምሬ በላንጋኖ በዝዋይ አድርጌ ገርጂ ስደርስ ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

"ጉድጓድ?" አሉ።

"ጉድጓድ" አልኩ።

ጨርቁን አነሡ። ከዚያ ውሃ ያው ውሃ ነው አሉና ወደ ውልወላቸው ተመለሱ። እኔ ደስ ብሎኝ ስወጣ ግን ሉሊት በር ላይ ጠብቃ ፍየሏን አስታወሰችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ስብሰባው በዘመቻው ተተክቶ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቀበሌው ኮሚቴ ታንኳዋን ሊረከብ ሲመጣ ችግር ተፈጠረ። በጎኗ ላይ የካናዳ ባንዲራ ተሥሏል። ጓድ ቢተው ዞሮ ዞሮ አየው። ቀይ መሆኑ መልካም ነው፤ ግን ቅጠል አለበት። ቅጠሉ የገበሬው ምልክት ሊሆን ይችላል ያለም ነበር። መመሪያ እስኪመጣ ድረስ ይሸፈን ተብሎ ተወሰነና ከስብሰባው አዳራሽ ሐምራዊው የከፋይ መጋረጃ መጥቶ ታንኳዋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነጠፈ። መኪና ስለሌለ እኔና ላጲሶ ከፊት፣ አራት ሰዎች ከመሀልና ከኋላ ሆነን በትከሻችን ተሸከምናት። አቶ ገብረሃንስ እንደ ልማዳቸው ጥቁር ሙሉ ልብስና ጥቁር ባርኔጣ አድርገው ፊት ፊት ይሄዳሉ። ሴቶቹ ከነነጠላቸው ከኋላ ናቸው። ጓድ ቢተው በሰልፉ ላይ ወሬ እንዳይኖር አስጠንቅቋል። እንዲህ ሆነን ወደ ወሎ ሰፈር መጋጠሚያ ወጣን።

እዚህ ላይ ስድስት ሰው ከፋይ የለበሰ ነገር ተሸክሞ በጸጥታ ሲያልፍ የኛ ሰው ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ነበረብን። አላሰብንም። አስከሬን ሲያልፍ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ሟቹን ባታውቀው እንኳ ጥቂት መሸኘት አለብህ። መጀመሪያ ከአንድ ጋራዥ በራፍ ቱታ የለበሰ ሰው ቆቡን አውልቆ ተከተለን። ከዚያ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከዚያ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሎች። አንድ ታክሲ ቆሞ ተሳፋሪው በሙሉ ወረደ። ወዴት ነው ብለው የጠየቁም ገርጂ ሲባሉ እንግዲያውስ ጊዮርጊስ ነው የሚቀበረው ብለው እርምጃቸውን አስተካከሉ።

ጓድ ቢተው ዞር ብሎ ሕዝቡን ሲያይ ለዓሣ ምርት ዘመቻው የወጣ መሰለው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው በስኳር እያስፈራራ የሰበሰበ ሊቀመንበር፣ ሳይጠራ የመጣ ሰው ሲያይ አልቻለም፤ አለቀሰ። ሸኚዎቹ እሱ ሲያለቅስ አዩና ሟቹ ልጁ ነው አሉ። ወዲያው ለቅሶው ተነሣ። በአካባቢው ባለ ዕድር ሁሉ በአልቃሽነት የምትታወቀው ወይዘሮ ወለተማርያም ከፊት ወጥታ ደረቷን ይዛ እንዲህ አለች፦

ምን ያለ ጎበዝ ነው ምን ያለ ቁመና፣
ስድስት ሰው ያቃተው ተኝቶ እንኳ ገና።

ያን ጊዜ አቶ ገብረሃንስ እርምጃቸውን ቀነስ አድርገው ከእኔ ጎን ሆኑ። ቀብር ሆነናል አሉኝ በሹክሹክታ። ምን ይሻላል ብላቸው ዝም ብዬ እንድሸከም ነገሩኝ፤ እዚህ መንገድ ላይ ብንነግራቸው በሰው ፊት ያፍራሉ አሉ። እኔ የማስበው ስለ ትከሻዬ ነበር፤ እሳቸው የሚያስቡት ስለማያውቁት ሰው እፍረት ነበር። ደግ ሰው ናቸው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩት ያኔ ነው፤ መዋሸቴም ያኔ ቆረቆረኝ።

ገርጂ ስንደርስ ሸኚው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፈ፣ እኛ ወደ ካባው። ግራ ገብቷቸው ተመልሰው ተከተሉን። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ታንኳዋን አውርደን መጋረጃው ሲገፈፍ ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ በጣታቸው መሀል አጮልቀው አዩ። አረንጓዴ ታንኳ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ አንድ የዓሣ መንጠቆ።

"ሟቹስ?" አሉ አቶ ረታ የሚባሉ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ።

ጓድ ቢተው ወረቀቱን አውጥቶ ስለ ዓሣ ምርት ዘመቻ አነበበላቸው። ማንም የሰማው የለም። ወይዘሮ ወለተማርያም እንባዬን ማን ይመልስልኛል ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድም ሰው ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ያን ያህል አልቅሶ መጨረሻውን ሳያይ የሚሄድ ማን አለ? መቶ የሚሆን ሰው በጉድጓዱ ዙሪያ ነጠላውን አንጥፎ ተቀመጠ።

ከአሥራ ሁለቱ መጀመሪያ ተራ የደረሰው ለእኔና ለአቶ ገብረሃንስ ነበር። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ገባን። ሌሎቹ አሥሩ ፍየሏን አስበው ነው መሰለኝ ተራቸውን ሊጠይቁ አልመጡም።

ስለዚያ ቀን ልናገር የምችለው ትንሽ ነው። አቶ ገብረሃንስ ቀዘፉ። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ እንደ አውድማ በሬ ዞርን። መንጠቆውን ጣሉ፤ የሸራ ጫማ ወጣ፤ ሌላኛው እግር ሲወጣ ከዳር ተጨበጨበ። እኔ በሁለት እጄ የታንኳዋን ጠርዝ ይዤ ተቀምጫለሁ። አፌን ብከፍት ልቤ የሚወጣ ስለመሰለኝ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዳቦ ሲያቀርቡልኝ ለመቀበል አንድ እጅ መልቀቅ ነበረብኝ፤ አልለቀቅኩም። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። አቶ ገብረሃንስ የሚያዩኝ ዓይን እየተለወጠ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"ወሬ አታበዛም" አሉ። "ለሆድህም አልሣሣህም። እንዳንተ ያለ ሰው ታንኳ ላይ አይቼ አላውቅም። ልጄን ካንተ የተሻለ አላገኝላትም። በየዓመቱ ግቤ እንወርዳለን፣ እኔና አንተ።"

ልቤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነገረኝ። አንደኛው፣ አሸንፈሃል፣ ሉሊት አሰብ አትሄድም። ሁለተኛው፣ ግቤ፤ በየዓመቱ፤ እስክትሞት። ከሁለቱ በላይ ደግሞ የሰውየው ደስታ አሳፈረኝ። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

"ጋሼ" አልኩ። "ታንኳ ላይ ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ዋና አልችልም። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ዳቦውንም የተውኩት ርቦኝ ሳለ እጄን መልቀቅ አቅቶኝ ነው። የዓሣ ሽታ አልወድም።"

ነፋስ ታንኳዋን ቀስ ብሎ አዞራት፤ ከዳር የቆመችውን ሉሊትን አየኋት፣ ከዚያ አጣኋት፣ ከዚያ ደግሞ አየኋት። አለቀ፣ ማራገቢያ ነው የምገዛው አልኩ በልቤ።

"እኔም ልንገርህ" አሉ በመጨረሻ። "ያን መምህር የጣልኩት በወሬው አይደለም። የባንክ ቤቱንም ሰው በዳቦው አይደለም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለችኝ እሷ ናት። ምክንያት ስፈልግ ነበር። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ባንተ ላይ ምክንያት አጥቼ ተጨንቄ ነበር፤ አሁን ሰጠኸኝ።"

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"አሰብ በአውቶቡስ ስንት ቀን ነው?" አሉ።

"ሁለት ቀን።"

"ያንተስ ቤት?"

"ወሎ ሰፈር። ከእርስዎ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ።"

መቅዘፊያውን አነሡ። "እንግዲያው ሽማግሌ ላክ" አሉና ወደ ዳር ቀዘፉ።

ሽማግሌ። ዘመዶቼ ሁሉ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ሉሊት ደግሞ የማስመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ነገ ሰኞ መሆኑን ዳር ላይ እንደወረድኩ ነገረችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። የጉድጓዱ አፋፍ ሙሉ በሙሉ ሽማግሌ ነው። ጋቢ የለበሰ፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ጃንጥላ የዘረጋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሊያጽናና መጥቶ የሚያጽናናው ሰው ያጣ ሽማግሌ። አቶ ረታ እግር ላይ ወደቅሁ። ነገሩን በአጭሩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ ለካ የቀኑ ከንቱ መቅረት አብግኗቸው ኖሯል። ሁለት ሰዎች መርጠው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ጓድ ቢተው በዚህ ሁሉ መሀል ከቅጹ ጋር ብቻውን ነበር። አርባ ኪሎ ቀርቶ አንድ ዓሣ የለም። በኋላ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ታንኳዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካት፤ አራት ነጥብ ሁለት። ዓሣ በሚለው ረድፍ ሰረዙን ፍቆ ያንኑ ጻፈ። ቅጹ ቁጥር ጠየቀ እንጂ የምን ቁጥር እንደሆነ አልጠየቀም ነበር።

ሦስቱ ሽማግሎች አቶ ገብረሃንስ ፊት ቆሙ። ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ባለቤቱ ተቀመጡ ካለ ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ቆሙ። አቶ ረታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከጠዋት ጀምሮ ባዘጋጁት ቃል "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብለው ጀመሩ፤ ከጎናቸው ያለው በክርኑ ሲነካቸው ዋጥ አድርገው ስለ ጋብቻው ጠየቁ። ልጁን እንዴት አገኙት አሉ።

አቶ ገብረሃንስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መጀመሪያ ሉሊትን ዞር ብለው አዩ፤ እሷ አንገቷን ነቅንቃ እሺታዋን ሰጠች።

"ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አብሬው ውሃ ላይ ውያለሁ" አሉ። "ውሸታም ነው። ግን ውሸት ከስድስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም። የልጄ የሥራ ፈረቃ ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ ቤቷ ስትገባ ሁሉን ሊነግራት ጠብቆ ታገኘዋለች።"

ከዚያ ከጉድጓዱ አፋፍ ያሉትን ድንጋዮች በእጃቸው አሳዩ።

"ተቀመጡ" አሉ።